የፒሲቲ ክፍያ ነው የሚል ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቶሎ አትክፈሉ

ድሬዎች፣ ሐረሮች፣ ፈጠራችሁን በዓለም አቀፉ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ትብብር ስምምነት፣ በፒሲቲ በኩል ያመለከታችሁ ሁሉ ይቺን አንብቡልኝ።

ሳቢያን ብየዳ ቤት ያለው ጓደኛዬ የለውዝ መፈልፈያ ማሽን ሠርቷል። ጅቡቲ ከሚኖረው የአጎቱ ልጅ ጋር ሆነው አመለከቱ፤ ጅቡቲ የስምምነቱ አባል ናት። ሰሞኑን ኢሜይል መጣለት። ከላይ የመንግሥት ማኅተም የሚመስል ክብ ምልክት አለበት። ስሙ፣ የማሽኑ ስያሜ፣ የማመልከቻ ቁጥሩ፣ ሁሉም ልክ ነው። «የፒሲቲ ደንብ ስለተለወጠ የመዝገብና የዓመት መከታተያ ክፍያ በ10 ቀን ውስጥ ይፈጽሙ» ይላል፤ ያውም በዩሮ። ከታች በደቃቅ ፊደል ደግሞ «ይህ የአገልግሎት ግብዣ እንጂ የክፍያ ግዴታ አይደለም» የምትል መስመር ተወሽቃለች። የተደናገጠ ሰው እሷን መቼ ያያል? የአጎቱ ልጅ ገንዘቡን ሊልክ ባንክ ቤት ሳለ ነው በስልክ ያስቆምነው።

ሐረር ያለ ወዳጃችን ግን ከፍሏል። ያገኘው ነገር ዋይፖ፣ ፒሲቲን የሚያስተዳድረው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት፣ በነፃ ከሚያወጣው ጽሑፍ የተገለበጠ ጥቂት ገጽ ነው። በጣም ነው ያናደደኝ።

«መረጃዬን ከየት አገኙት?» ትሉ ይሆናል። ዓለም አቀፍ ማመልከቻ ከመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን 18 ወር ሲሞላው ይፋ ይወጣል። ፓተንትስኮፕ በሚባለው የዋይፖ የኢንተርኔት ማውጫ ላይ ማንም ገብቶ ስማችሁንና አድራሻችሁን ያነባል። ስለዚህ ቁጥራችሁን ማወቃቸው ምንም ማረጋገጫ አይሆንም። ይፋ የሚያወጣውም ጄኔቭ ያለው ዋይፖ ብቻ ነው። የግል ድርጅት «መዝገብ» ላይ መስፈር በሕግ ፊት ዋጋ የለውም።

ደንቡ መለወጡስ እውነት ነው፤ ይለወጣል። ብዙውን ጊዜ ለውጡ ሥራ ላይ የሚውለው በፈረንጆቹ ጥር 1 ወይም ሐምሌ 1 ነው። ይህን ለመከታተል ግን አምስት ሳንቲም አይጠየቅም። ዋይፖ ወርሃዊ የፒሲቲ ጋዜጣ አለው፣ ስትመዘገቡ በኢሜይል በነፃ ይልክላችኋል። የክፍያ ሠንጠረዡም እዚያው ድረ ገጹ ላይ አለ። እንደ ኢትዮጵያና ጅቡቲ ላሉ በዕድገት ወደ ኋላ ለቀሩ አገሮች ነዋሪ ዜጎች የዓለም አቀፍ ማመልከቻው ክፍያ 90 በመቶ ቅናሽ እንዳለውም እወቁ። ደላሎቹ ይህን አይነግሯችሁም።

እውነተኛው ቀነ ገደብ ሌላ ነው። ከመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን አንስቶ በ30 ወር ውስጥ ጥበቃ በምትፈልጉበት አገር የፓተንት ቢሮ ማመልከቻውን ማስገባት አለባችሁ፤ አብዛኛው አገር ላይ እንዲህ ነው። ገንዘባችሁን ለዚያ ያዙት።

ደብዳቤ ከደረሳችሁ እሱ ላይ ባለው ስልክ አትደውሉ። የዋይፖን ድረ ገጽ ራሳችሁ ክፈቱ፤ የአሳሳች ደብዳቤዎቹን ናሙና ለጥፎታል፣ ከእናንተው ጋር አስተያዩት። ከፍላችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ባንካችሁን አነጋግሩ።