የስኩዊድን አካል በጎማና በክር ለሠሩልን የደሴ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው በደሴ ከተማ የመኪና ወንበርና የሶፋ ልብስ በመስፋት የሚተዳደሩ አንድ ባለሙያ ለትምህርት ቤታችን ስላደረጉት ሥራ በአደባባይ ለማመስገንና የማስተማሪያ ሞዴል ለምትፈልጉ ሁሉ እርሳቸውን ለመጠቆም ነው። የሠሩልን ሞዴል ስኩዊድ የሚባለው የባሕር እንስሳ ነው፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሆዱ ተከፍቶ የውስጥ አካላቱ ይታያሉ፣ በገንዳ ውስጥ ሲቀመጥም እንደ እውነተኛው እንስሳ ውሃ ስቦ ይረጫል።

እኔ የሥነ ሕይወት መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ ባሕር አይተው አያውቁም፤ ዓሣ ሲባል ትዝ የሚላቸው ከሐይቅ የሚመጣው ቆሮሶ ነው። ስለዚህ ስለ ስኩዊድ በጀመርኩ ቁጥር «ሐይቅ ውስጥ ይገኛል ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። አይገኝም፤ ስኩዊድም ሆነ ዘመዱ ኦክቶፐስ በጨው ውሃ እንጂ በጣፋጭ ውሃ አይኖርም፤ ለእኛ የሚቀርበን በባቲ አልፎ አፋርን ተሻግሮ የሚገኘው ቀይ ባሕር ነው። ዓሣም አይደለም፤ በዘሩ ለቀንድ አውጣ ይቀርባል። ቀደም ሲል ሌላ ቦታ ያሠራነው ትልቅ ሥዕል ደግሞ አሥሩንም ክንዶች እኩል አድርጎ ስላወጣቸው፣ የክፍለ ጊዜዬ እኩሌታ ሥዕሉን በማረም ያልቅ ነበር። ስኩዊድ ስምንት ክንዶች አሉት፤ ከእነዚህ ሌላ ጫፋቸው ሰፋ ያለ፣ ረጃጅም ሁለት መያዣዎች አሉት፤ መያዣዎቹ በቅጽበት ተወርውረው አደኑን ይይዛሉ፣ ስምንቱ ክንዶች ተቀብለው ወደ አፍ ያቀርቡታል።

ባለሙያው ዘንድ የሄድኩት በአንድ የሥራ ባልደረባዬ ምክር ነበር። ሥዕሎቹን ዘርግቼ የምፈልገውን ስነግራቸው፣ «አብሽሪ ልጄ፣ ይሠራል፤ ግን እያንዳንዱ ነገር ምን እንደሚሠራ አስቀድመሽ ንገሪኝ፤ ሥራውን ያላወቅሁትን ነገር አልቆርጥም» አሉኝ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ከትምህርት ሰዓት በኋላ አጠገባቸው እየተቀመጥኩ ሳስረዳ፣ እርሳቸው እየጠየቁ ሲለኩና ሲሰፉ ቆየን። ለምስጋናዬ ዋናው ምክንያት ይኸው የጠየቁት ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ማንትል የሚባለው ጡንቻማ ከረጢት ነበር፤ እርሱን ከከባድ መኪና ከመነዳሪ ቆርጠው ሰፉት። ማንትል የውስጥ አካላቱን አቅፎ ከመያዙም በላይ የእንስሳው መዋኛም መተንፈሻም ነው። ከረጢቱ ሲሰፋ ውሃ በአንገቱ ዙሪያ ባለው ክፍተት ይገባና በሁለቱ ስንጥቦች ላይ ያልፋል፤ ስንጥቦቹም ኦክስጅኑን ይወስዳሉ። ከዚያ ከረጢቱን እንደ ቀለበት የከበቡት ጡንቻዎች ሲኮማተሩ ውሃው ከራሱ በታች ባለው አጭር ቱቦ በኃይል ይወጣና እንስሳውን በተቃራኒ አቅጣጫ ያስፈነጥረዋል። ቱቦው ስለሚዞር ስኩዊድ ወደ ኋላም ወደ ፊትም መሄድ ይችላል። ሞዴሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዳ ውስጥ ስንጨምቀው ግን ውሃው በቱቦው በመውጣት ፈንታ በገባበት በአንገቱ ዙሪያ ተመልሶ ፈሰሰ። እኔ ተስፋ ልቆርጥ ስል እርሳቸው በዝምታ ሲያዩት ቆዩና፣ በቱቦው በኩል ጎድጓዳ መስመር፣ በማንትሉ የውስጥ ገጽ ደግሞ በዚያ መስመር ውስጥ የሚገጥም ጉብታ ሠርተው አመጡ። ከረጢቱ ሲጨመቅ ጉብታው ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ ይቆለፋል፣ አንገቱ ይዘጋል፣ ውሃውም ያለው መውጫ ቱቦው ብቻ ይሆናል። ይህን ሳይ በእውነት ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም እውነተኛው ስኩዊድም በዚያው ቦታ ከልም አጥንት የተሠራ፣ በዚያው መንገድ የሚገጥም መቆለፊያ አለው፤ እኔ ደግሞ ይህን ሳልነግራቸው ረስቼው ነበር።

ልቦቹን የሠሩት ከአሮጌ የደም ግፊት መለኪያ በወሰዷቸው የጎማ መንፊያዎች ነው። ስኩዊድ ሦስት ልብ አለው፤ ሁለቱ በየስንጥቡ ሥር ሆነው ደሙን በስንጥቦቹ ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ይገፉታል፣ ሦስተኛው ኦክስጅን ያገኘውን ደም ተቀብሎ ወደ መላ አካል ይረጨዋል። ደሙ በእነዚያ ቀጫጭን ሥሮች ሲያልፍ ግፊቱ ስለሚቀንስ አንድ ልብ ብቻውን ሁለቱንም ሥራ አይወጣውም ነበር። ደሙ ኦክስጅን የሚሸከመው በብረት ፈንታ መዳብ ባለው ሂሞሳያኒን በሚባል ፕሮቲን ስለሆነ፣ ኦክስጅን ሲይዝ ሰማያዊ፣ ሲለቅ ቀለም የለሽ ይሆናል። ባለሙያው ይህን እንደሰሙ ከስንጥቡ በፊት ባሉት የጉሉኮስ ቱቦዎች ንጹሕ ውሃ፣ ከስንጥቡ በኋላ ባሉት ሰማያዊ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ ሞሉባቸው፤ አሁን ተማሪ ሁሉ የደሙን መንገድ በጣቱ እየተከተለ ይናገራል።

የአንጎሉ ነገር ለብቻው መነገር ያለበት ነው። የስኩዊድ አንጎል ቅርጹ ቀለበት ሲሆን፣ የምግብ ቧንቧው በቀለበቱ መካከል ያልፋል። ቧንቧውን በቀለበቱ ሲያሾልኩ እጃቸው ቆም አለና «ታዲያ ትልቅ ነገር ቢውጥ አንጎሉን አይጎዳውም?» ብለው ጠየቁኝ። በስንት ዓመት የማስተማር ሥራዬ ይህን ጥያቄ ከማንም ሰምቼ አላውቅም። መልሱ አፉ ውስጥ ነው፤ ስኩዊድ እንደ በቀቀን ያለ ጠንካራ ምንቃርና ራዱላ የሚባል ጥርሳም ምላስ ስላለው፣ ምግቡን አድቅቆ ነው የሚውጠው። በማግስቱ ስሄድ ምንቃሩ ከቀንድ ተቀርጾ ጠበቀኝ።

ነርቮቹን በመዳብ ሽቦ ሠሩ። ማንትሉን የሚያዙት ነርቮች አንዳንዶቹ ውፍረታቸው እስከ አንድ ሚሊሜትር ይደርሳል፤ እንግሊዛውያኑ አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሀክስሊ የነርቭ መልእክት እንዴት እንደሚተላለፍ የተረዱት በእነዚህ ነርቮች ላይ ሠርተው ነው፤ በእ.ኤ.አ. 1963 የኖቤል ሽልማት ያገኙትም በዚሁ ሥራ ነው። ወፍራም ነርቭ መልእክቱን በፍጥነት ስለሚያደርስ፣ ሩቅ ወደሆነው የማንትል ጫፍ የሚሄደው ነርቭ ከቅርቡ ይበልጥ ይወፍራል፤ በዚህም የተነሣ ከረጢቱ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይኮማተራል። ባለሙያው ይህን ስነግራቸው ገጥመው የጨረሱትን ሽቦ ሁሉ ነቅለው እንደየርቀቱ ውፍረት በመምረጥ እንደገና ገጠሙት፤ ለዚህም ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቁም።

በጀርባው በኩል ያለው ላባ መሰል ስስ ዘንግ፣ ጥቁር ቀለም የሚረጭበት ከረጢቱና ከብይ የተሠሩት ዓይኖች ሁሉም በየቦታቸው አሉ። ያልተቻለው ቆዳው ብቻ ነው። የስኩዊድ ቆዳ በውስጡ ጥቃቅን የቀለም ከረጢቶች አሉት፤ በዙሪያቸው ያሉት ጡንቻዎች ሲስቧቸው ተዘርግተው ቀለማቸው ይጎላል፣ ሲለቋቸው ነጥብ ያህል ሆነው ይጠፋሉ፤ ይህም ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይፈጸማል። ይህን በጎማ ማሳየት እንደማይችሉ ባለሙያው በግልጽ ነግረውኛል። እኔም ነጥብ ያደረግሁበትን ፊኛ እየለጠጥኩ ለብቻው አስረዳለሁ።

ሊያሠሩ ለሚፈልጉ ሁለት ነገር ላሳስብ። ባለሙያው ችኮላ አይወዱም፤ ለፈተና ሳምንት የሚደርስ ሥራ ከሆነ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት መነጋገር ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ሥዕል ሰጥቶ መሄድ አይበቃም፤ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ሊያስረዳቸው ይገባል። የጎማውንና የሽቦውን ወጪ ከእጅ ዋጋቸው ለይተው አስቀድመው ይናገራሉ፣ ከተናገሩትም አላለፉብንም። ሰሞኑን በውሃ ቆይቶ የላላ አንድ ስፌት ነበር፤ ጠርተናቸው በዕለቱ መጥተው ጠግነውልናል።

ጋሼ፣ ስምዎ በአደባባይ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ አልጻፍኩትም፤ ውለታዎን ግን እኔም ተማሪዎቼም አንረሳውም፣ እጅዎ ይባረክ። በወሎ ውስጥ ያላችሁ መምህራን በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ፣ በፈቃዳቸው አገናኛችኋለሁ፤ ሞዴሉን አስቀድሞ ማየት ለሚፈልግም ቤተ ሙከራችን ቅዳሜ ጠዋት ክፍት ነው።