ጎግል ፓተንትስ ለአፕ ሠሪ ምን ያህል ይበቃል?

አፕ የሚሠራ ሰው «ይህቺን የጣት እንቅስቃሴ ቀድሞ ያስመዘገባት ይኖር ይሆን?» ብሎ ሲጠራጠር፣ ያለ ክፍያና ያለ ምዝገባ መጀመር የሚችለው ከጎግል ፓተንትስ፣ ማለትም ፓተንቶች (የተመዘገቡ የፈጠራ መብቶች) ከሚፈለጉበት የጎግል ድረ ገጽ ነው። ፍለጋው ቀላል ነው። የሚያሳስተው ንባቡ ነው።

ስልክን በጣት አንሸራቶ ስለመክፈት የተሰጠውን የአፕል ፓተንት እንይ። የአሜሪካን ምልክት «US» አስቀድመው 8046721 ብለው ያስገቡ። በግራ ዝርዝር መግለጫው፣ በቀኝ ክሌይሞቹ (ባለቤቱ የእኔ ብቻ ነው የሚላቸው ነጥቦች) ይመጣሉ። ብዙ ሰው ከላይ ያለውን አጭር መግለጫ አንብቦ ይደነግጣል፤ የመብቱን ወሰን የሚለካው ግን ክሌይሙ ነው። የመጀመሪያው ክሌይም ጣት በተወሰነ ቦታ ያለ ምስል እንዲነካ፣ ምስሉ ጣቱ ሳይነሳ አብሮት እንዲሄድ፣ መክፈቻው ክልል ሲደርስ ስልኩ እንዲከፈት ይላል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ክሌይሙ ቃል በቃል አይነካዎትም።

ቀኑም ያምታታል። ፓተንቱ የተሰጠው በጥቅምት 2011 እ.ኤ.አ. ቢሆንም፣ 20 ዓመቱ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ማመልከቻ፣ ከታኅሣሥ 2005 ነው። «ቀድሞ ነበር» የሚል ማስረጃም ከዚያ በፊት የወጣ መሆን አለበት።

አገልግሎቱ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የስዊድኑ ኒዮኖድ ኩባንያ ኤን1ኤም ስልክ ከአፕል ቀድሞ በማንሸራተት ይከፈት ነበር፤ ይህን የሚናገረው የስልኩ መመሪያ እንጂ ፓተንት አይደለም፣ ስለዚህ በእንዲህ ያለ ፍለጋ አይገኝም። የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2015 የአውሮፓውን አቻ ፓተንት የሻረው ይህንኑ ስልክ አይቶ ነው። በአሜሪካ ግን በ2016 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፓተንቱን አጽንቶ፣ ሳምሰንግ ለአፕል 119.6 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል የተሰጠውን ፍርድ እንደገና አጸናው። በእኛ ግምት ጀርመኖቹ ልክ ናቸው፤ ምስል ጣትን ስለተከተለ ብቻ 20 ዓመት መከልከል በዝቷል።

የዲዛይን ፓተንት፣ ማለትም መልክን ብቻ የሚጠብቀው መብት፣ ፍለጋው ደግሞ ደካማ ነው። የአፕል አይኮኖች ድርድር የተመዘገበበት ዲ604305 ክሌይሙ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ መብቱ ያለው በሥዕሉ ላይ ስለሆነ በቃል ፍለጋ አይያዝም። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ማየት ግድ ነው፤ በቁርጥራጭ መስመር የተሣለው አብዛኛውን ጊዜ ከመብቱ ውጭ ነው።

ጎግል ፓተንትስን ለመጀመሪያ ማጣሪያ እንመክረዋለን። ገጹ ላይ «አክቲቭ» (ፓተንቱ አሁንም ይሠራል) የሚለውን ግን አትመኑት፤ ጎግል ራሱ ግምት ነው ይላል። የአሜሪካ የፈጠራ ፓተንት ከተሰጠ በ3 ዓመት ተኩል፣ በ7 ዓመት ተኩልና በ11 ዓመት ተኩል ክፍያ ካልተከፈለበት ይወድቃል፤ ስለዚህ መከፈሉን ከአሜሪካ ፓተንት ቢሮ ድረ ገጽ ያረጋግጡ። ለዲዛይን ፓተንት እንዲህ ያለ ክፍያ የለም።