ከትሎች ጋር 11 ወር፦ የወጥ ቤት ኮምፖስት ሣጥን ግምገማ

ካርቶኑ ሲመጣ እኔ ቤት አልነበርኩም። ባለቤቴ ከፈተችውና ደወለችልኝ። «ያዘዝከው ዕቃ ተልቷል። ልመልሰው?» አለችኝ።

አልተላም። ያዘዝኩት ራሱ ትል ነው። ይህን ለማስረዳት የፈጀብኝ ጊዜ ሣጥኑን ለመገጣጠም ከፈጀብኝ ይበልጣል።

ዕቃው እንዲህ ነው። ሦስት የፕላስቲክ ትሪዎች አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራሉ። ወለላቸው እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው። ከላይ ክዳን፣ ከታች ውሃ ማጠራቀሚያና ትንሽ ቧንቧ አለው። አብሮት ግማሽ ኪሎ ቀይ ትል ይመጣል። ትሎቹን ረጠብ ካለ የተቀዳደደ ካርቶን ጋር ታች ትሪው ላይ ታደርጋላችሁ፣ የወጥ ቤት ልጣጭ ትሰጧቸዋላችሁ። ትሪው ሲሞላ ሁለተኛውን ትደርባላችሁ፣ ምግቡንም እዚያ ታደርጋላችሁ። ትሎቹ ምግቡን ተከትለው በቀዳዳዎቹ ሽቅብ ይወጣሉ። ታች የቀረው ጥቁር ኮምፖስት፣ ማለትም የተፈጥሮ ማዳበሪያ ነው።

እኔ የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጓሮ የለኝም። ያለኝ በረንዳ ላይ ስድስት የአበባ ማሰሮ ነው። ታዲያ ለምን ገዛህ ብትሉኝ፣ አንድ ጥያቄ ሲከነክነኝ ስለከረመ ነው። ልጣጭ የትም ቢጣል ይበሰብሳል፤ ታዲያ ምን ችግር አለው? ችግሩ የት እንደሚበሰብስ ነው። የቆሻሻ ክምር ውስጥ ሲቀበር አየር አያገኝም። አየር በሌለበት የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ደግሞ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ። ሚቴን በ20 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 ጊዜ በላይ ሙቀት ያምቃል። ሣጥኑ ውስጥ ግን አየር አለ። ትሎቹ እየተርመሰመሱ ያናፍሱታል።

መጀመሪያ ስለ ትሎቹ ልበል፤ የዕቃው ዋና ነገር እነሱ ናቸው። ሳይንሳዊ ስማቸው ኢሴኒያ ፌቲዳ ነው። ከአፈር ቆፍራችሁ የምታወጡት ዓይነት ትል አይደሉም። ያኛው ወደ ጥልቅ መውረድ ይወዳል፣ ሣጥን ውስጥ አይሆንለትም። እነዚህ በተፈጥሯቸው የሚኖሩት ላይ ላዩን፣ የበሰበሰ ቅጠልና ፍግ ውስጥ ነው። ጥርስ የላቸውም። ምግቡን የሚፈጩት ሆዳቸው ውስጥ ባለ እንደ ዶሮ ጨጓራ ያለ ጡንቻ ነው። ስለዚህ የእንቁላል ቅርፊት ፈጭታችሁ ብትነሰንሱላቸው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ያገለግላቸዋል። የሚተነፍሱት በቆዳቸው ነው። ቆዳቸው ከደረቀ ይሞታሉ፤ ውሃ ከበዛም ታፍነው ይሞታሉ። መመሪያው «እንደተጨመቀ ስፖንጅ» ይላል። ልክ ነው።

በሁለተኛው ወር ማታ ባትሪ ይዤ ክዳኑን ከፈትኩ። ብርሃን ስለማይወዱ ሁሉም ወደ ታች እልም አሉ። ካርቶኑ ላይ ግን የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል፣ ቅርጿ እንደ ሎሚ፣ ወርቃማ ነገር ቀርታለች። እንቁላላቸው የሚቀመጥባት ከረጢት ናት። ከአንዷ ሁለት ሦስት ትል ሊወጣ ይችላል። ልጄን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ አሳየኋት። ባለቤቴ ለዚህ እስካሁን ይቅር አላለችኝም።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ሣጥኑን መጀመሪያ ያስቀመጥኩት ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ አጠገብ ነበር። ጥላ አለ፣ ቦታ አለ፣ ምን ቸገረኝ። በሦስተኛው ቀን ማሽኑ ሲያሽከረክር ትሎቹ በክዳኑ ጠርዝ መውጣት ጀመሩ። የዝግመተ ለውጥ ሊቁ ቻርልስ ዳርዊን ይህን ቀድሞ ያውቅ ነበር። ሰውየው ትል ላይ ለአሥርት ዓመታት ተመራምሮ እ.ኤ.አ. በ1881፣ ከመሞቱ ከጥቂት ወራት በፊት ነው መጽሐፉን ያሳተመው። ፒያኖ አጠገባቸው ቢመታ ምንም አልመሰላቸውም፤ ጆሮ የላቸውም። የሚኖሩበት ማሰሮ ፒያኖው ላይ ተቀምጦ አንድ ኖታ ሲመታ ግን ጉድጓዳቸው ውስጥ ጥልቅ አሉ። ንዝረቱ ነው። የእኔን ማሽን ንዝረት አስቡት።

ሁለተኛው ጥፋት የባሰ ነበር። እንግዶች መጥተው የጭማቂ ብርቱካን ልጣጭ ተረፈ። ሁሉንም አንዴ ገለበጥኩት። የብርቱካን ልጣጭ አሲድ አለው፣ ሲበዛ አይስማማቸውም። በዚያ ላይ ብዙ ምግብ አንድ ላይ ሲበሰብስ ይግላል። እነሱ የሚመቻቸው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ጠዋት ስነሳ የወጥ ቤቱ ወለል ላይ ደርቀው እንደ ቀይ ክር የቀሩ ሠላሳ ያህል ትሎች ቆጠርኩ። ሳጥኑ ደግሞ ይገማል። በነገራችን ላይ ሁሉም ነገር ደህና ሲሆን ሽታው ዝናብ የነካው አፈር ነው። ከገማ የምታጠፉት ነገር አለ ማለት ነው። ልጣጩን ለቅሜ አወጣሁ፣ ደረቅ ካርቶን ሞላሁበት። በሳምንቱ ተረጋጉ።

ሣጥኑን በተመለከተ ግን አላመሰግንም። ቧንቧው ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ያንጠባጥባል፤ ሥሩ ጣሳ አድርጌ ነው የምኖረው። ክዳኑ በደንብ አይገጥምም፣ የፍራፍሬ ዝንብ እንደልቧ ትገባለች። (ምግቡን ካርቶን ሥር ስትቀብሩት ትጠፋለች።) እግሮቹ ቀጫጭን ናቸው፣ ትሪው ሲከብድ ይንገዳገዳል። መመሪያው ደግሞ በቧንቧው የሚወርደውን ቡናማ ውሃ «ተአምረኛ ፈሳሽ ማዳበሪያ» ይለዋል። ተአምር የለውም። ገና በደንብ ያልበሰበሰ ነገር እጣቢ ነው። በዐሥር እጅ ውሃ አቅጥኜ ለአበባ እሰጠዋለሁ፣ ለሚበላ ተክል ግን አላደርገውም። ብዙ ከወረደ ደግሞ ውሃ አብዝታችኋል ማለት ነው።

ትሎቹ በቀን የክብደታቸውን ግማሽ ይበላሉ የሚለውንም በጥርጣሬ ያዙት። ግማሽ ኪሎ ትል በቀን ሩብ ኪሎ ይጨርሳል ብዬ ስጠብቅ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት የሩቡን ሩብ እንኳ አልነኩም። መልመድ ይፈልጋሉ።

ይህን ለማወቅ የኩሽና ሚዛን ላይ መመዘን ጀመርኩ። ግምገማው ውስጥ ይህ ይገባል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ግን ዋናው እሱ ሆነ። የመጀመሪያው ሳምንት የምግብ ቆሻሻችን 3 ኪሎ ከ200 ግራም ወጣ። ልጣጩን ለብቻ ስመዝነው ከግማሽ በታች ነው። ቀሪው ምግብ ነበር። የጠወለገ ሰላጣ፣ ፍሪጅ ውስጥ የተረሳ ሩዝ፣ ግማሽ ዳቦ፣ ሻጋታ ያወጣ አይብ። ዘይት የነካ፣ ሥጋና አይብ ለትል አይሰጥም። ስለዚህ የጣልነውን ሁሉ እነሱም አያድኑትም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2022 በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል ይላል። 60 በመቶው ከየቤቱ ነው። ሬስቶራንትና ሱቅ ላይ ጣት ስቀስር ኖሬ ሚዛኑ ወደ እኔ ዞረ።

ሚዛኑን አላነሳሁትም። ባለቤቴ ሳትቀር ቁጥሩን ማየት ለመደች። ባለፈው ወር የሳምንቱ አማካይ ከ1 ኪሎ ትንሽ ይበልጥ ነበር፤ ብዙው ልጣጭና የቡና አተላ። አሁን ትሎቹ በዝተው ምግብ አነሳቸው። ካርቶን እየቀደድኩ አስታግሳቸዋለሁ።

ኮምፖስቱስ? በአምስተኛው ወር የመጀመሪያውን ትሪ አወጣሁ። ጥቁር፣ ፍርፍር፣ እጅ ላይ የማይጣበቅ ነው። ስድስቱን ማሰሮ አልብሶ ተረፈ። ሁለት ዓመት የተኮራመተችው ሮዝ አብባለች። ማሰሮውን ቀይሬላት ስለነበር ክብሩን ሁሉ ለትሎቹ አልሰጥም።

እንግዲህ ልግዛ ለምትሉኝ፦ ሣጥኑን ተዉት፣ ትሎቹን ግዙ። ክዳን ያለው ጥቁር የፕላስቲክ ዕቃ ሥሩንና ጎኑን በሚስማር በስታችሁ፣ ከሥሩ ዝርግ ዕቃ ካደረጋችሁለት ያው ነው። ግልጽ ፕላስቲክ አይሁን። ለሣጥኑ ከአምስት ሁለት፣ ለትሎቹ አምስት።

ከትሎቹ ላይ ባለፈው ሳምንት ዘግኜ በአይስክሬም ዕቃ ሦስተኛ ፎቅ ላሉት ጎረቤታችን ሰጠሁ። አደራዬን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። ትናንት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«አንተ ልጅ፣ ትሎችህ በግድግዳ እየወጡ ነው!»

«እትዬ፣ መብራት ያብሩባቸው፣ ይመለሳሉ። ምን ሰጧቸው?»

ዝም አሉ።

«እትዬ?»

«አንድ ሁለት ብርቱካን ነው። ትንንሽ ናቸው።»