በፓኬት የሚሸጠውን «የወንዶች ማር» አትግዙ

ፒያሳም ሆነ ቅዳሜ ገበያ «ለስንፈተ ወሲብ ፍቱን ነው፣ ከማርና ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ» ብሎ ፓኬት የሚያቀርብላችሁ ካለ ብራችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ። ማር በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ አይሠራም። ከሠራ ሲልደናፊል ወይም ታዳላፊል የተባለ የስንፈተ ወሲብ መድኃኒት ተደባልቆበታል ብላችሁ ጠርጥሩ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2022 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ ማር የሚሸጡ 4 ድርጅቶችን ያስጠነቀቀው እነዚህኑ በምርመራ አግኝቶ ነው።

ሸፍጡ የሚብሰው በማግስቱ ነው። ገዢው ዝሎ፣ ራሱን እያዞረው፣ ወገቡን እየቆረጠመው ሲነሳ ሻጩ «ጋሼ፣ አቅምዎ ስለወረደ ነው፤ አንድ ይጨምሩበት» ይላል። ሁለተኛ ፓኬት የሚሸጠው በዚህ ነው። ሁለቱም መድኃኒቶች የደም ሥር አስፍተው ግፊት ያወርዳሉ፤ መዛሉም ማዞሩም አንድም ከዚህ ይመጣል። ሲልደናፊል በ4 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ታዳላፊል ግን 17 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ቅዳሜ ማታ የተዋጠው እሑድ ከሰዓት ገና ግማሹ ደም ውስጥ አለ። በዚያ ላይ መጨመር መደራረብ ነው፤ አረቄ ከታከለበትማ ጨርሶ ያዝለፈልፋል። ለልብ ሕመም ናይትሮግሊሰሪን ወይም ኢሶሶርባይድ የሚወስድ ሰው ደግሞ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። የግፊት፣ የፕሮስቴት ወይም ሪቶናቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱም ሐኪም ሳያማክሩ እነዚህን ሁለት መድኃኒቶች አይሞክሩ።

ከዚህ የከፋም አለ። በ2008 እ.ኤ.አ. ሲንጋፖር ውስጥ የስኳር ሕመም የሌለባቸው 150 ሰዎች ስኳራቸው ክፉኛ ወርዶ ሆስፒታል ገቡ፤ 4ቱ ሞቱ። የአብዛኞቹ ደም ሲመረመር ግሊቤንክላማይድ የተባለ የስኳር መድኃኒት ተገኘበት፤ ሕገ ወጥ የወሲብ ማነቃቂያ ውስጥ ተቀላቅሎ ነበር። ስለዚህ ድካሙ ቀዝቃዛ ላብ፣ መንቀጥቀጥና መቀባጠር ካለበት፣ ሰውየው መዋጥ ከቻለ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አታፍስሱ። ቢነቃም ሆስፒታል ውሰዱት፤ ይህ መድኃኒት ቶሎ ስለማይወጣ ስኳሩ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል።

የስንፈተ ወሲብ መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው በሐኪም ማዘዣ ከፋርማሲ ይግዛ። ሲልደናፊል ባለ 25፣ 50 እና 100 ሚሊ ግራም አለ። ብዙውን ጊዜ በ50 ይጀመራል፣ ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ በ25፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ አይወሰድም። ቅቤ የበዛበት ዶሮ ወጥ ተበልቶ ከተዋጠ ይዘገያል እንጂ አልሠራም ተብሎ አይደገምም። ማሸጊያው ላይ የአምራቹ ስም፣ የባች ቁጥርና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን መነበብ አለባቸው፤ ቀኑ ያለበት ጫፍ ተቆርጦ የቀረበላችሁን መልሱ። ከሁሉ በፊት ግን ስኳርና ግፊት ተለኩ። ስንፈትና ድካም አብረው ሲመጡ ሥሩ ያልታወቀ የስኳር ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ያን ደግሞ ማሩ ያባብሰዋል እንጂ አያሽለውም።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ፓኬቱን አትጣሉት። ከታመማችሁ ይዛችሁት ሂዱ፤ ሐኪሙ ምን እንደወሰዳችሁ ለመገመት ይረዳዋል።