ከሶማሌ ተራ የገዛኋት ትንሽ ስካነር፦ ሞተር ሲንቀጠቀጥ ምን ትጠቅማለች?

ሱሉልታ ለሚኖር ሰው የመኪና ፈተናው ዳገቱ ነው። ሜዳ ላይ ደህና የምትመስል መኪና ማታ ከአዲሱ ገበያ ተነስታ እንጦጦን ስትወጣ ጉዷ ይወጣል። የኔም ያሪስ እዚያው ዳገት ላይ ነው ያስቸገረችኝ። ነዳጅ ስረግጥ አልስብ አለች፣ መንቀጥቀጥ ጀመረች፣ የቼክ ኢንጅን መብራቷ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ከማርሚታው ያልተቃጠለ ቤንዚን ይሸተኛል። ቤት ደርሼ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልረግጥ ቆማ ስትሠራ) ስተዋት መሪው እጄ ላይ ይርገበገብ ነበር።

በማግስቱ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውየው ኮፈኑን ከፍቶ ትንሽ አዳመጠና "እህቴ፣ በሦስት ነው የምትሠራው" አለኝ። ልክ ነበር። ከ4ቱ ሲሊንደር (ቤንዚኑ የሚነድበት ክፍል) አንዱ እሳት አይዝም ማለቱ ነው። የትኛው እንደሆነ ግን ሳያጣራ 4ቱንም ካንዴላ (የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን) ቀየረ። ከፈልኩ። በሁለተኛው ቀን መንቀጥቀጡ ተመለሰ። ደግሜ ስሄድ "ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተር ይታጠብ፣ ካልሆነ ቴስታታው ይፈታል" ተባልኩ። በጣም ነው የተናደድኩት። ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) እኮ ሌላው ሁሉ ታይቶ ሲያልቅ የሚፈታ ነገር ነው፣ በግምት አይነካም።

ስካነሯን፣ ማለትም የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የጥፋት ኮድ የምታነበዋን፣ የገዛሁት ያን ሳምንት ነው። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ። ኢኤልኤም 327 የምትባለዋ፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የምትገናኝ፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ሰማያዊ ፕላስቲክ። ዋጋዋ አንድ ታንክ ቤንዚን አይሞላም። ከመሪው በታች ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት አለ፣ እዚያ ትሰኳታላችሁ፣ ቁልፉን ትከፍታላችሁ፣ ስልክ ላይ "ቶርክ" ወይም "ካር ስካነር" የሚባለውን አፕ ትጭናላችሁ። በቃ።

መጀመሪያ ያወጣችልኝ ኮድ ፒ0303 ነው። የመጨረሻዋ ቁጥር ሲሊንደሩን ትነግራችኋለች፦ 3ኛው። ፒ0300 ቢሆን ኖሮ ችግሩ በአንድ ሲሊንደር አልተወሰነም ማለት ስለሆነ ወደ ቤንዚን ግፊት ወይም አየር ወደሚያስገባ ቀዳዳ መሄድ ነበረብኝ። ኮዱ ሲመዘገብ ሞተሩ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበርም ታስቀምጣለች። የኔ የተመዘገበው ሞተሩ ከፍተኛ ጭነት ላይ እያለ ነው፣ ማለትም ዳገቱ ላይ። ይሄ ብዙ ያስረዳል። ነዳጅ ስትረግጡ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ያን ጊዜ እሳቱ የካንዴላዋን ክፍተት ለመዝለል የበለጠ ቮልቴጅ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል ላይ ትንሽ ድካም ካለ እሳቱ በጎን ያመልጣል። ሜዳ ላይ ላይታይ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ስካነሯ የትኛው እንደሆነ እንጂ ለምን እንደሆነ አትነግራችሁም። ካንዴላ ይሁን፣ ኮይል ይሁን፣ ኢንጀክተር ይሁን፣ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ ግፊት) ይሁን እሱን የምታገኙት በእጃችሁ ነው። እኔ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ በ10 ቁጥር ቁልፍ የ3ኛውን ኮይል ፈትቼ ከ1ኛው ጋር አቀያየርኩት (የሲሊንደሮቹ ቁጥር የሚጀምረው ከቺንጊያው፣ ከጎማ ቀበቶው፣ በኩል ነው)። ኮዱን አጥፍቼ ዳገቱን ወጣሁ። ፒ0301 መጣ። ጥፋቱ ከኮይሉ ጋር አብሮ ሄደ! ወደ 1ኛው ሄዶ ባይሆን ኖሮ ቀጥሎ የማቀያይረው ካንዴላውን ነበር።

ኮይሉን ስነቅለው ያየሁት ነገር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ካንዴላው ላይ የሚገባው ጥቁር ጎማ በዘይት ርሶ ያብረቀርቃል። በጨርቅ ስጠርገው ጎኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች የተቃጠለች መስመር አለች። እሳቱ የሚያመልጠው በዚያ ነው። ዘይቱ ከየት መጣ? ከላይ ያለው የቫልቭ ሽፋን ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘው ጎማ) ደርቆ ወደ ካንዴላው ጉድጓድ ያፈሳል። 4ቱን ካንዴላ የቀየረልኝ ሰው እጁን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ነበር፣ ዘይቱን ሳያየው አልቀረም። ይሄ ነው የሚያሳዝነኝ። ኮይሉን ብቻ ቀይሬ ጓርኒሲዮኑን ብተወው አዲሱንም ዘይቱ ይበላው ነበር። ሁለቱንም ገዝቼ እዚሁ ሰፈር ያለ መካኒክ ግማሽ ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ገጠመልኝ። ዳገቱን አሁን በሰላም ነው የምወጣው።

ድክመቷንም ልንገራችሁ። የሚሸጡት አብዛኞቹ ቅጂዎች ናቸው፣ ስሪት "2.1" የሚል የተጻፈባቸው ብዙዎቹ አፑ ሲጠይቃቸው የማይመልሱት ጥያቄ አለ፣ ስለዚህ ሻጩን "መኪናዬ ላይ ሰክተህ አሳየኝ" በሉት። አይፎን ያላችሁ ይቺን የብሉቱዝ አትግዙ፣ ዋይፋይ ያለውን ጠይቁ። ስትጨርሱ ንቀሏት፣ ቁልፉ ተዘግቶም ከባትሪው ትስባለች። ደግሞ ቼክ ኢንጅን ብልጭ ድርግም እያለ ኮድ አጥፍቶ መንዳቱን መቀጠል አይሆንም፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ያቃጥለዋል፣ እሱ ደግሞ ከኮይል ጋር የሚወዳደር ዋጋ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችንን መኪና በእንክብካቤ መያዝ ግድ ነው።

ሁሉም መኪና ላይ አትሠራም። ባለፈው ጎረቤቴ ቪትዙን ይዞ መጣ፣ ለጃፓን ገበያ ተሠርታ መሪዋ ወደ ግራ የተዛወረች ናት፣ ስካነሯ ጨርሶ አልተገናኘችም። በድሮው ዘዴ ሄድንበት። ሞተሩን ሚኒሞ ላይ ትተን የየኮይሉን ሶኬት አንድ በአንድ ለጥቂት ሰከንድ ነቅለን መለስን። 4ኛው ሲነቀል የሞተሩ ዙር ወረደ፣ 3ኛውም ወረደ፣ 2ኛውም። 1ኛው ሲነቀል ግን ድምፁ ምንም አልተለወጠም፤ ድሮም የማይሠራው እሱ ነበር ማለት ነው።