የልጄን «ሽንቴ መጣ» የሰማችልኝ ሴት

ይሄን ለመጻፍ ሦስት ወር ቆየሁ፣ መጀመሪያ ልየው ብዬ ነው፣ አሁን ግን ዝም ካልኩ ግፍ ይሆንብኛል። አዲስ አገር ገብታችሁ ልጅ የሚይዝላችሁ ያጣችሁ እናቶችና አባቶች እባካችሁ እስከመጨረሻው አንብቡልኝ።

ስንመጣ ትልቁ ልጄ ሁለት ዓመት ከአምስት ወሩ፣ ትንሿ 11 ወሯ ነበር። ድሮ እናቴ አለች፣ እህቶቼ አሉ፣ ልጆቼን ማን ይይዝልኛል ብዬ አስቤም አላውቅ። እዚህ ግን ሥራ የምጀምርበት ቀን ደረሰ፣ ልጆቼን የማስቀምጥበት የለም። የደወልኩበት ደይኬር ሁሉ ዌይቲንግ ሊስት ነው የሚለኝ፣ ስምሽን እንመዘግባለን፣ እንደውላለን፣ በቃ። አንዱ ጋ የክትባት ካርዳቸውን አስተርጉመሽ አምጪ ተባልኩ፣ ተሯሩጬ አስተርጉሜ ስሄድ ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል። ጋሪውን እየገፋሁ መንገድ ላይ አለቀስኩ።

በመጨረሻ ለትልቁ ብቻ አንድ ቦታ ተገኘ። ስሙን አልጠራም። ግቢው ሲያዩት ያምራል፣ መጫወቻው ያምራል፣ ግን በመጀመሪያው ቀን ልጄን በር ላይ ከእጄ ተቀብለው «ሂጂ፣ ከቆምሽ ይብስበታል» ብለው በሩን ዘጉት፣ ቻው እንኳን ሳልለው። በሁለተኛው ሳምንት ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ ስደርስ ልጄ ጃኬቱን እንደለበሰ የልብስ መስቀያው ስር ተቀምጧል፣ ሱሪው እስከ ካልሲው ርሶ ጫፍ ጫፉ ደርቆበታል። «እማዬ ሽንቴ መጣ አልኳቸው እኮ» አለኝ። ነግሯቸዋል! በሚያውቀው ቋንቋ ነግሯቸዋል። የምትይዘውን ሴት ስጠይቃት «ልጅሽ አይናገርም፣ ቤት ውስጥም የራሳችሁን ቋንቋ ተዉት» አለችኝ። ቤት ውስጥ አፉ የማይዘጋ ልጅ እኮ ነው! ከዛ ቀን በኋላ ዳይፐር ከተወ ስንት ጊዜው የነበረ ልጅ ማታ ማታ አልጋው ላይ መሽናት ጀመረ፣ ጠዋት ጫማውን ሳነሳ ገና ሳናወራ ያለቅሳል። አሁንም ሳስበው ሆዴን ይቆርጠኛል።

አብራኝ የምትሰራ ሴት ናት ከዚህች ደግ ጋር ያገናኘችኝ፣ እድሜ ይስጥልኝ። በቤቷ ጥቂት ልጆች ነው የምትይዘው፣ ፈቃድ አላት፣ አማርኛ አንድ ቃል አታውቅም። ገብተን ቁጭ እንዳልን ፎርም ታወጣለች ብዬ ስጠብቅ ባዶ ወረቀት አወጣች። «ልጅሽ ውሃ ሲጠማው ምን ይላል?» አለችኝ። ነገርኳት፣ በራሷ ፊደል እንደሰማችው ጻፈችው። ሽንት ሲመጣበትስ? ሲያመውስ? ሲፈራስ? እቀፉኝ ሲልስ? «ጠማኝ» የምትለዋ «ጠ» አልወጣላት ብላ ደጋግማ አስባለችኝ፣ አፌን እያየች ትሞክራለች። አስራ ሁለት ቃል ሞላ። አንዱን ቅጂ ኩሽና፣ አንዱን ሽንት ቤት በር ላይ ለጠፈችው፣ የምታግዛት ልጅም እንድታየው ብላ።

በማግስቱ እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ልጄ ወደኔ መጥቶ በጆሮዬ «ሽንቴ መጣ» አለኝ። ሰማችው። «መጣ? ና፣ ና» ብላ እጇን ዘረጋችለት። ልጄ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየና እጇን ይዞ ሄደ። እኔማ ምን ልበላችሁ፣ ፊቴን በነጠላ… በሻርፔ ሸፍኜ ነው የተቀመጥኩት።

ሳምንቱን ሙሉ እያለማመደች ነው የተቀበለችው፣ መጀመሪያ ከኔ ጋር አንድ ሰዓት፣ ከዛ ትንሽ ወጣ ብዬ እመለሳለሁ፣ እንዲህ እያለ ረዘመ። «ስትሄጂ ተሰናብተሽው ሂጂ፣ ቢያለቅስም ያልቅስ፣ ተደብቀሽ ከጠፋሽ ግን ዞር ባልሽ ቁጥር ይፈራል» አለችኝ። ዝምታውንም ስነግራት አልደነገጠችም፣ አዲስ ቋንቋ መሃል የገባ ልጅ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ዝም ሊል ይችላል፣ ግን እየሰማ እያጠራቀመ ነው፣ ቤት ውስጥ በቋንቋችሁ አውሩት፣ ተረት ንገሩት፣ እንዳትተዉ አለችኝ። ሌላም ብዙ አስረድታኛለች ግማሹ አልገባኝም፣ እኔ የገባኝ ልጄ ሳቀ። ትንሿንም ወሰደችልኝ፣ በዛ እድሜ ከእናት ሲለዩ ማልቀስ ያለ ነው ብላ እየተሸከመቻት ነው የምትውለው። ትልቁ አሁን «አክስቴ» ነው የሚላት፣ የአልጋውም ነገር ቆሟል፣ ተመስገን።

እናቶች፣ ሌላ ቦታም የምትፈልጉ ከሆነ የክትባት ካርዱን ቀድማችሁ አስተርጉሙ፣ አንድ ቦታ ብቻ ተመዝግባችሁ አትጠብቁ፣ ፈቃድ እንዳላቸው ጠይቁ፣ አንድ ሰው ስንት ልጅ እንደሚይዝ፣ መለማመጃ ቀን እንዳለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጄ በቋንቋዬ ቢጠራችሁ ምን ታደርጋላችሁ በሏቸው። ግቢ ማማሩን አትዩ፣ እኔ አይቼ ተሸውጃለሁ።

እህቴ፣ ይሄን ጽሁፍ ማንበብ ባትችዪም ብድርሽን እግዚአብሔር ይክፈልሽ፣ ልጆችሽን ይባርክልሽ። ዛሬ ጠዋት ሳደርሳቸው ከኛ ወረቀት አጠገብ የሌላ አገር ልጅ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ።

ቦታ ሲለቀቅ ትነግረኛለች፣ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። እባካችሁ እንዳታልፏት።