8 ወር ከተጨመረው ራም ጋር
የመመረቂያ ጽሑፍ እየተየብኩ ነው የምተዳደረው። ላፕቶፔ ሦስተኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ 5 ነው፤ ያገለገለ ሆኖ ስገዛው 4 ጊጋ ራም (የተከፈተውን ሥራ ለጊዜው የሚይዘው ሜሞሪ) ብቻ ነበረው። መስከረም ላይ ሌላ 4 ጊጋ ጨመርኩበት፤ ይኸው ግንቦት ደረስን።

ከዚያ በፊት የነበረውን አልረሳውም። ዊንዶውስ 10 ገና ሲነሣ ወደ 2 ጊጋ ይይዛል። ዎርድ፣ ቴሌግራምና አሥር የብራውዘር ታብ ስከፍት ሜሞሪው ጢም ይልና ማሽኑ ስታክ ያደርጋል። ራም ሲሞላ ትርፉ ሃርድ ዲስክ ላይ ወዳለው ፔጅ ፋይል ይወርዳል፤ ዲስክ ደግሞ ከራም ጋር ሲተያይ በጣም ቀርፋፋ ነው። አንድ ወዳጄ «ፔጅ ፋይሉን አጥፋው፣ ይፈጥናል» አለኝ። አጠፋሁት። ዎርድ ሜሞሪ አነሰኝ እያለ ይዘጋ ጀመር። መልሼ አውቶማቲክ አደረግኩት፤ እናንተም አትንኩት።

አዲሱ ራም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት አራት ጊዜ ሰማያዊ ስክሪን (ዊንዶውስ ድንገት ሲወድቅ የሚያሳየው የስህተት ገጽ) መጣ። የአንዲት ተማሪ ምዕራፍ ሦስት፣ 11 ገጽ፣ ሴቭ ሳላደርገው ጠፋ። ሌሊቱን ሙሉ እንደገና ተየብኩት። ያኔ ነው ሁለቱን ነገር የለየሁት፦ ራም ሲሞላ ማሽኑ ይንቀራፈፋል፤ ራም ሲበላሽ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ድርግም ይላል።

ባትሪውን ነቅዬ ሁለቱንም ራሞች አወጣሁ። ሜምቴስት የሚባለውን የራም መፈተኛ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭኜ አንድ በአንድ ፈተንኳቸው። አሮጌው ሌሊቱን አድሮ አንድም ስህተት አላሳየም። አዲሱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስክሪኑን በቀይ መስመር ሞላው። ጥፋቱ የመሰኪያው እንዳይሆን አሮጌውን እዚያው ቦታ ሰክቼ አየሁት፤ ደህና ነው። ለባለሱቁ የስክሪኑን ፎቶ ሳሳየው ያለ ክርክር ቀየረልኝ። የተቀየረውንም ሳልፈትን ሥራ አልጀመርኩበትም።

ከዚያ ወዲህ ሰማያዊ ስክሪን አላየሁም። በዚያው ሥራ ላይ ሜሞሪው ከ60 በመቶ እምብዛም አያልፍም። ማሽኑ ሲነሣ ግን እንደ ድሮው ይዘገያል፤ እሱ የሃርድ ዲስኩ ጉዳይ ስለሆነ ራም አይፈታውም።

ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ዊንዶውሳችሁ 64 ቢት መሆኑን እዩ፤ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ ያለውን አይጠቀምበትም። ቮልቴጁንም አትርሱ። የእኔ ራም ዲዲአር 3 የሚባለው ዓይነት ነው፣ በ1.5 ቮልት ይሠራል፤ የአራተኛ ጄኔሬሽን ላፕቶፖች ግን የሚፈልጉት ባለ 1.35 ቮልቱን፣ ዲዲአር 3 ኤል የተጻፈበትን ነው።

ዎርድ መጠባበቂያ የሚይዘው በየ10 ደቂቃው ነበር፤ ወደ 2 አውርጄዋለሁ። ቴሌግራምም ማሽኑ ሲነሣ አብሮ እንዳይነሣ አድርጌዋለሁ። ከክረምቱ በፊት ሃርድ ዲስኩን ከሱ በሚፈጥነው ማከማቻ፣ በኤስኤስዲ፣ እቀይራለሁ። ራሙ ባለበት ይቆያል።